በሟች ስም የሰጠሁት ደም

ናይሮቢ ውስጥ ከዓመት በላይ የሞተች ሴት ሆኜ ኖሬያለሁ። የስደተኞች ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ የእኔ ፎቶግራፍ የተለጠፈው እታገኝ ከሚል ስም ጎን ነበር። እታገኝ ደግሞ አስታምሜ፣ ገላዋን አጥቤ የገነዝኳት ጓደኛዬ ናት። የራሴ ስም ሰብለ ነው። ዛሬም ይህን ስም ስጽፍ ሰው ያየኝ እንደሆነ ዞር ብዬ አያለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ቀረ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ የፈረንጅ ቤት ሕፃን እይዛለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። እሑድ ሲደርስ እታገኝንና ባሏን ጋሽ በላቸውን ለማየት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ኢምባካሲ እሄዳለሁ። ጋሽ በላቸው ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ በኩል የወጣ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበር፤ እዚያው አካባቢ መጋዘን ይጠብቃል። ባልና ሚስቱ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ፋይል አስከፍተው መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ጥሪው ሳይመጣ እታገኝ ታመመች። ሐኪሙም ሳንባ ነው አለ፣ ጎረቤቱም ሳንባ ነው አለ፣ እኛም አመንን። በዚያ ዘመን ሳንባ የሚባለው ነገር ብዙ ጉድ ይሸፍን ነበር።

መጨረሻዋ ላይ እጄን ይዛ፣ «ሰብልዬ፣ ስሜ ከእኔ ጋር አፈር ከሚገባ አንቺ ውሰጂው» አለችኝ። «ለፋይሉ ገና ፎቶ አልተነሳሁም። በላቸውም ብቻውን ሜዳ ላይ እንዳይቀር።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይዘገንን ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ፋይል ላይ ያለ ክፍት ቦታ ማባከን ነበር ነውሩ። የሞተ ሰው ቦታ ለእህት፣ ለዘመድ፣ ለጓደኛ ይሰጣል፤ ሞቱ ለቢሮው አይነገርም። ሌላው ሁሉ ያደረገውን ነው ያደረግነው። የእታገኝ አርባ ካለፈ በኋላ እኔ እታገኝ ሆንኩ፤ ስምንት ዓመት በትዳር የኖርኩ የጋሽ በላቸው ሚስት።

ቢሮው ባልና ሚስትን ለየብቻ እያስገባ ነበር የሚጠይቀው። ባልሽ በየትኛው ጎን ይተኛል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ጠባሳ አለው? ይህን ከሩቅ ሆኖ ማጥናት አይቻልም። ሩንዳ ማደሬን ትቼ ማታ ማታ ኢምባካሲ መመለስ ጀመርኩ። አንዷን ክፍል መሃል ላይ በመጋረጃ ከፈልናት፤ እሱ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ «አንተ» ማለቱ ነበር። ጋሼ፣ አንቱ እያልኩ የኖርኩትን ሰው በምን አንደበቴ?

«አንተ በይኝ እንጂ ልጄ!» ይለኛል።

«እርስዎስ ልጄ እያሉኝ?»

«እኔ እተዋለሁ። አንቺም ተዪ።»

«ፈረንጁ እንደሆነ አማርኛ አያውቅ።»

«አስተርጓሚው ያውቃላ!»

እንዲህ እየተሳሳቅን ተለማመድን፤ ቃለ መጠይቁንም አለፍን። ካለፍን በኋላ ማስመሰሉ አላስፈለገንም ነበር። ነገሩ እውነት የሆነው ግን ያን ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ መጋረጃውን አጥቤ አሰጣሁት፤ ሲደርቅ መልሶ የሰቀለው አልነበረም። ወደድኩት። በደስታ የኖርኩት ጊዜ ቢኖር እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ጣሪያችንን እየታከከ የሚያልፈውን አውሮፕላን ባየን ቁጥር «የኛው መጣ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ ለሕክምና ምርመራ ተጠራን። ደም ሰጠን፣ ራጅ ተነሳን። አብረውን የተመረመሩት ሰዎች አንድ በአንድ የጉዞ ቀን ሲነገራቸው እኛ ግን እንደገና ወደ ክሊኒኩ ኑ ተባልን። መሃል ከተማ እስክንደርስ ድረስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ጋሽ በላቸው አላወራም። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ስለ ሻንጣ እለፈልፋለሁ።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ጎልማሳ ኬንያዊት ናት። አጠገቧ አስተርጓሚው ተቀምጧል። ወንድም ዮናስ ይባላል፤ ናይሮቢ የከረመ፣ ክራባቱ የማይወልቅ የእኛው አገር ሰው ነው። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። እሱ ግን ቶሎ አልተረጎመም፤ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ።

«ወንድም በላቸው፣ ደምህ ሁለት ጊዜ ተመርምሯል። ኮንፈርም አድርገዋል። የኤድስ ቫይረስ አለበት ነው የምትለው።»

«የማን ደም?» አለ ጋሽ በላቸው።

«ያንተ።»

«ተሳስታችኋል በላት። ምንም አልሆንኩም እኮ! ሥራ ውዬ፣ በእግሬ ተመልሼ ነው የምገባው።»

ወንድም ዮናስ ተረጎመላት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና «ፖሌ ሳና» አለች፤ በጣም አዝናለሁ። ይህን አስተርጓሚ ሳያስፈልገን ተረዳነው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ እሱ እየተከተለ አማርኛውን ሰጠኝ።

«ያንቺ ናሙና ተበላሽቷል፤ ዛሬ እንደገና ይወስዳሉ። ግን... ስምንት ዓመት በትዳር ስለኖራችሁ፣ ያንቺም ከእሱ የተለየ ላይሆን ይችላል። ራስሽን አዘጋጂ ትልሻለች።»

«እኔ እኮ ሚስቱ አይደለሁም!»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሐኪሟ ምን አለች በሚል ዓይን ወንድም ዮናስን አየችው። እሱ ግን እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ ቀስ ብሎም፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ፣ «እህቴ፣ ይህን ልተርጉመው?» አለኝ።

ጋሽ በላቸውን አየሁት። አልተቆጣኝም። «ተርጉምላት» አለው። «እውነቱን ንገራት። ይህቺን ልጅ ከዚህ ነገር አውጧት።»

«አትተርጉም» አልኩ እኔ።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። ጉዞው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሰውዬውን በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ ብቻውን ጥዬው መነሳት አቅቶኝ። ወንድም ዮናስ በእንግሊዝኛ «ደንግጣ ነው» አላት። ሐኪሟም እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችና «እታገኝ፣ ፖሌ» አለችኝ። በዚያ ስም ስትጠራኝ ነው ጓደኛዬ በምን እንደሞተች የገባኝ። ጋሽ በላቸውም የገባው ያኔ መሰለኝ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ደሜን ሰጥቼ ወጣን። የማታቱው ሙዚቃ ጆሮ ይበጥሳል፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይጠራል፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነናል። በዚያ ግፊያ ውስጥ ጋሽ በላቸው ትከሻው እንዳይነካኝ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይታገል ነበር። ያ ትግሉ ከውጤቱ የበለጠ አንጀቴን በላው።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋን፣ «እታገኝን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ።

«ምናልባት ከእሷ...»

«እንዳትጨርሺው! ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። በየጦር ሰፈሩ የዞርኩት እኔ ነኝ።» ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺንስ?» አለኝ። «አንቺ ምን አደረግሽኝ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ተነስቶ ሣጥኑን ከፈተ፣ መጋረጃውን አውጥቶ ይሰቅል ጀመር። ሽቦው አልያዝ አለው።

«አሁን ምን ሊጠቅም?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። «ሌላ የማደርገው ነገር ስለሌለኝ ነው።»

ሰቅሎ ሲጨርስ ከማዶ ተቀምጦ አለቀሰ። ወታደር ሲያለቅስ ድምፁ አይሰማም ይሉ ነበር። ውሸት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው። የቤት አከራያችን በሩን አንኳኩታ ምን ሆናችሁ አለች፤ አገር ቤት ሰው ሞቶብን ነው አልኳት።

ውጤት እስክሰማ ድረስ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ሩንዳ ያለው ሥራዬ አሠቃየኝ። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ወደ ኋላ እላለሁ። ካሮት ስልጥ ጣቴን ብቆርጥና ደሜ ምግባቸው ውስጥ ቢገባስ እያልኩ ቢላዋ ፈራሁ። ያኔ ስለ በሽታው የምናውቀው በወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ በትንፋሽም ይጋባል፣ በብርጭቆም ይጋባል የሚል ነበር። ለእመቤቲቱ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ዋልኩ። መጸለይም ከበደኝ። እታገኝ ብዬ ልለምን ወይስ ሰብለ? ሁለቱንም ስም አጥቼ ዝም ብዬ እንበረከካለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቆረጠኝ ጋሽ በላቸውን መጥላት አለመቻሌ ነው። ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ጠዋት ሻዩን በራሱ ኩባያ ጠጥቶ፣ ኩባያውን በፈላ ውኃ አጥቦ ለብቻው ሲያስቀምጥ አየዋለሁ። ልቆጣው እነሳና እንባዬ ይቀድመኛል።

ቀኑ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። ጋሽ በላቸውን ውጭ ቆይ ብለውታል። ወንድም ዮናስም ድምፁ ተለውጧል።

«ነፃ ነሽ እህቴ! ኔጋቲቭ ነሽ።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ሐኪሟ ጀርባዬን እየዳበሰች ትናገራለች፤ እሱ ይከተላል። የባሌ ጉዞ እንደማይፈቀድ፣ የእኔ ግን ተነጥሎ ሊቀጥል እንደሚችል ነገረኝ። ቀጥሎ ያለውን ሲተረጉም ፈጣኑ አንደበቱ ቀስ አለ፤ ቀና ብሎም አየኝ።

«አዲስ ተጋቢዎች ብትሆኑ ኖሮ ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ እልሽ ነበር ትላለች። በሽታው መጀመሪያ ላይ በምርመራ ስለማይታይ። እናንተ ግን ስምንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ እስካሁን ካልያዘሽ፣ እግዚአብሔር ጠብቆሻል፤ መድገም አያስፈልግሽም ነው የምትለው።»

መጋረጃው ከወረደ ስንት ጊዜው ነው? ጥቂት ሳምንት። ስምንቱ ዓመት የእታገኝ ነበር።

«ጥያቄ አለሽ ወይ ትላለች» አለኝ።

«የለኝም።»

በሩን ሊከፍትልኝ ሲነሳ፣ ሐኪሟ አጎንብሳ ስትጽፍ፣ «ሦስት ወር ነው ያለችው። ሰምተሻል አይደል?» አለኝ በለሆሳስ። ሰምቻለሁ አልኩት።

ጋሽ በላቸው ነፃ ነሽ መባሌን ሲሰማ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ወለሉን ሳመ። ፈረንጁ፣ ኬንያዊው፣ ሐበሻው ያየዋል፤ ግድም አልነበረው። ቤት እስክንገባ ሻንጣዬ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ሲቆጥር መጣ። ያን ደስታ ላፈርስበት አልፈለግሁም። ግን ልብሴን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ሲጀምር አላስቻለኝም፤ ስለ ሦስቱ ወር ነገርኩት። ቀሚሴን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ እኮ ገና ነው» አለ።

«ገና ነው።»

ለቢሮው ባሌን ታሞ ጥዬ አልሄድም አልኳቸው። አንዲት ሠራተኛ እንደ አንቺ ያለች ሚስት አላየሁም ብላ አቀፈችኝ። ለፍቅር ብዬ ብቻ ቀረሁ ብል ያምርብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ደሜ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ፣ ሰው በማላውቅበት አገር፣ በሟች ስም መታመም አስፈራኝ። ደግሞም እወደው ነበር። ሁለቱን ዛሬም መለየት አልችልም።

በእነዚያ ወራት ጋሽ በላቸው እየመነመነ ሄደ። መጋዘን መጠበቁ አልሆነለትም። እኔ ሳስል ግን ከተኛበት ብድግ ይልና ከመጋረጃው ማዶ፣ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ይላል። አቧራ ነው እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እውነት አቧራ ነው?» ይላል። የራሱን ሕመም አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። የሚጠብቀው የእኔን ነበር።

ጊዜው ሲደርስ እዚያው ክሊኒክ አልተመለስኩም። መሃል ከተማ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ፎቅ ላይ ወዳለ የግል ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ሰብለ ብዬ ተመዘገብኩ። ለውጤቱ ስሄድ ጋሽ በላቸው ካልመጣሁ ብሎ ተከተለኝ። ደረጃው ስለሚከብደው ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ትቼው ወጣሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ተቀመጪ አለኝ። ሩንዳ የለቀምኳት እንግሊዝኛ ለዚህ በቃች፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም አልነበረም። አለብሽ አለኝ። የምረዳሽ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ሊረዳኝ? ያን ጊዜ ለእኛ የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። አመስግኜው ወጣሁ። ደረጃው መሃል ቆሜ ግድግዳውን ይዤ መጮህ ፈለግሁ። ከላይ ሰው ሲመጣ መንገድ ለቀቅሁለት።

በበሩ መስታወት አየሁት። ያችን አንድ ኮቱን ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍታበታለች። ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ በሩን ብቻ ያያል። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ። መንገዱን ስሻገር ሁለት መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ።

«ምን አሉሽ?» አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ነፃ ነኝ።»

«በእታገኝ አፅም?»

«በእታገኝ አፅም።»

ጋሽ በላቸው ሳቀ። ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቀ። ከዚያ እርቦኛል አለ፤ ሳምንታት ሙሉ ሾርባ እንኳ አልወርድ ያለው ሰው! ጥግ ላይ ከሚሸጠው ማንዳዚ፣ የዚያ አገር ብስኩት፣ ገዛንና መንገድ ዳር ቆመን በላን። እኔ ትንሽ ቆርሼ ያዝኩት፤ እሱ የእኔንም ጨመረ። በይ ቶሎ ቢሮ ሄደሽ ጉዞሽን አስቀጥዪ ሲለኝ፣ ፋይሉን ዘግተውታል ብዬ ሁለተኛ ዋሸሁት። ትንሽ ከፋው። «አገሩስ ይቅር» አለ ኋላ። «ነፍስሽ ከተረፈ ይበቃኛል።»

ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እኔ ናይሮቢ ቀረሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ መድኃኒቱ መጣ፤ ዛሬም በእሱ ነው የቆምኩት። በእነዚያ መሃል ባሉት ዓመታት የቀበርኳቸውን ሰዎች ስም ብጽፍ ገጹ አይበቃም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሕይወት መቆየቷ መጽናኛ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። መትረፌ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ቀን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እውነት ሁልጊዜ ነፃ ያወጣል ሲሉኝ ዝም እላለሁ። እውነቱን አስቀድመን በጊዜው ብንነጋገር፣ እታገኝ በምን እንደሞተች ብንጠይቅ፣ ሳንባ ነው ብለን ባንሸፍነው እድን ነበር። ይህንን ለወጣቶች በተገኘው አጋጣሚ ሁሉ እናገራለሁ፤ በሽታን በስሙ ጥሩት፣ ሟችም በምን እንደሞተ ጠይቁ እላለሁ። ያን ቀን መንገዱ ዳር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። እውነቱ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ እኔ ልሠራው አልቻልኩም።

ብቻዬን መያዝ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጨረሻ አካባቢ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሰው ደግፎ ቀና እንዲያደርገው ያደርግና በጣቱ ወደ እኔ ያመለክት ነበር። «ብዙ አጥፍቻለሁ» ይላል። «ይህቺን ግን እግዜር አተረፈልኝ። ተመስገን በሉልኝ።» ጠያቂዎቹ ተመስገን ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ፤ እኔም አሜን እላለሁ።